አባቴ የመረቃት ቁራጭ

አባቴ ያልመረቀው ነገር ሮቤ ከተማ ውስጥ ካለ እኔ አላውቀውም። የስንዴ አዝመራ ሲደርስ የኮምባይነር ሾፌሮች ማሳ ከመግባታቸው በፊት ያን የሚያህል ብረት እያስጓሩ ደጃችን ያቆሙት ነበር። አዲስ ባጃጅ የገዛ፣ ሱቅ የከፈተ፣ ልጁን ለአስረኛ ክፍል ፈተና የሚልክ፣ ሁሉም “ሐጂ ከድር አሉ?” እያለ ይመጣል። አንዴማ አንድ የቀበሌ ሹም ለአንድ ለአምስት ስብሰባ ሰው አልመጣ ቢለው “እስቲ ሐጂ ይመርቁልኝ” ብሎ መጥቶ ነበር። አባቴ ስብሰባውን አልመርቅም አለ፤ ሹሙን ግን መረቀው።

እኛ አገር ምርቃት በቃል ብቻ አያልቅም። ሽማግሌው ቃሉን ይናገርና መጨረሻ ላይ እንትፍ እንትፍ ይላል። ቱፍታ እንለዋለን። ጠብታዋ ግንባርህ ላይ፣ የባጃጅህ መስታወት ላይ፣ ለዘር ያስቀመጥከው ስንዴ ላይ ማረፍ አለባት፤ ካላረፈች አልተመረቅህም። አባቴ ሼክ አልነበረም፣ የተማረም አልነበረም፤ ዕድሜውን ሙሉ ገሰራ ገበያ ፈረስ ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ምርቃቱ ይደርሳል መባል ከመቼ እንደጀመረ እሱም አያውቀውም። ስጠይቀው “ሰው መጣ፣ መረቅሁ፤ ከዚያ ሌላ ሰው መጣ” ይለኝ ነበር።

ከዚህ ሁሉ መሀል ሳይመረቅ የቀረው የኔ ሥራ ብቻ ነው።

እኔንማ ከአገር ስወጣ አናቴን መርቆ ነው የላከኝ። ግን በስልክ ባወራን ቁጥር “ሰውየውን መርቄያለሁ፤ ሥራውን አላየሁትም። በእጄ ያልያዝኩትን ምን ብዬ ልመርቅ?” ይል ነበር። የእህቴን የዘሃራን ሱቅ በሩን ሳይቀር መርቆላታል። በኔ በኩል ግን የሚያዝ ነገር አልነበረም። ያኔ ብዙም አላሳሰበኝም። ሠላሳ ዓመት ያልሞላኝ፣ ውጭ አገር ፊዚክስ ለዶክትሬት የምማር፣ በትምህርቴ ትንሽ ትንሽ ደረቴን የምነፋ ሰው ነበርኩ።

ሥራዬ ምን እንደነበር ልንገራችሁ፤ አይከብድም። ቢስመዝና ሴሌኒየም የሚባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች ሲዋሃዱ አንድ የሚያብረቀርቅ ጠጣር ነገር ይወጣል። ውስጡ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ቆዳው ግን ያሳልፋል። ብትሰነጥቀው አዲስ የተገለጠው ገጽ ወዲያው ቆዳ ይሆንና እሱም ማሳለፍ ይጀምራል። ስሙን ቶፖሎጂካል ኢንሱሌተር ይሉታል። እኛ የምናደርገው ያ ቆዳ ላይ አተሞችን በጥቂት በጥቂቱ እየበተንን፣ እዚያ የሚሮጡት ኤሌክትሮኖች እኛ በፈለግነው መጠን ከፍ ወይም ዝቅ እንዲሉ ማድረግ ነበር። የምንበትነው በአብዛኛው ፖታሲየም ነው። ፖታሲየም ቸር አተም ነው፤ ባረፈበት ገጽ ላይ የራሱን ኤሌክትሮን ለቆ ይቀመጣል። ታዲያ ገጹ አስቀድሞ ንጹሕ መሆን አለበት። እኛ ያላስቀመጥነው ነገር ካረፈበት፣ የሰው ትንፋሽ እንኳ ቢሆን፣ ተበላሸ ማለት ነው።

በዚያ ዓመት ከብዙ ድካምና ከብዙ ክሽፈት በኋላ አንዲት ቁራጭ ወጣችልኝ። የትንሽ ጣት ጥፍር ታህላለች። ልንለካት የምንችለው ሌላ አገር ባለ አንድ ትልቅ ማሽን ነው፤ እዚያ ደግሞ ተራ የሚደርሰው በመከራ ነው። ተራዬ ደርሶ ሻንጣዬን እያዘጋጀሁ ሳለ ዘሃራ ደወለች።

“አባ ትንፋሽ አጥሮታል። ጎባ ሆስፒታል አስገብተነዋል” አለችኝ። “ና አልልህም። ግን ና።”

አስተማሪዬን አስፈቀድኩ። ቁራጯን ይዤ እንድሄድና ከአገር ቤት በቀጥታ ወደ ማሽኑ እንድበር ተስማማን። በላይዋ ላይ ስስ የሴሌኒየም ክዳን አልብሰናት፣ ደረቅ ጋዝ በተሞላች ትንሽ የብረት ሣጥን ውስጥ አሸግናት። አስተማሪዬ ሲሸኘኝ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዳትከፍታት። 

ጎባ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነበር። ከሳነቴ አምባ የወረደው ጉም ጥዶቹን ሸፍኗቸዋል። አባቴ ክፍሉ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ተኝቷል፤ ከጎኑ የኦክስጅን ሲሊንደር ቆሟል፤ አፉና አፍንጫው ላይ ጭንብል አለ። ያ ፈረስ በአንድ እጁ የሚያቆም ሰው አንሶላው ስር ያለ አይመስልም ነበር። በር ላይ ቆሜ እንባዬን ዋጥ አድርጌ ነው የገባሁት።

“መጣህ፣ ጀማል? ነጋ ጅርታ?” አለኝ ጭንብሉን ዝቅ አድርጎ፤ በሰላም አለህ ወይ ሲለኝ ነው።

“ነጋ፣ አባ። አንተስ?” አልኩት። ቤታችን አባታችንን አንተ እያልን ነው ያደግነው።

“አልሐምዱሊላህ። ትናንት አንድ ባለባጃጅ እዚህ መስኮት ስር መጥቶ ጥሩንባ ሲነፋብኝ ነበር። በመስኮት መረቅሁት። ቱፍታዬ ግን መሬት የደረሰች አይመስለኝም።”

ከአጠገቡ አልጋ ላይ የተኙት ሽማግሌ ሳቁ። ጋሽ ተፈራ ይባላሉ፤ በጡረታ የተገለሉ የእርሻ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ የጎባ ሰው። እኔና አባቴ የምናወራው በኦሮምኛ ነው፤ ጋሽ ተፈራም ኦሮምኛውን አሳምረው ያውቁታል። ሆኖም አባቴ እሳቸው ባሉበት እንግዳ እንዳይሆኑ ብሎ አማርኛ ይናገር ነበር። ያን ቀንም እንደዚያው ነው ያደረገው።

“ምን ይዘህ መጣህ?” አለኝ።

“ብርቱካን።”

“ብርቱካን ሮቤም አለ። ዘሃራ ነግራኛለች፤ ሥራህን ይዘህ ነው የመጣኸው። ከጉያህ አትለያትም አሉ። እስቲ አምጣት።”

ዘሃራ አልጋው ግርጌ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ምን አደርጋለሁ? ሣጥኗን አወጣሁ። ክዳኗ ላይ ትንሽ የመስታወት መስኮት ስላላት ሳትከፈትም ቁራጯ ትታያለች። አባቴ በሁለት እጁ ተቀበለኝና ወደ ብርሃኑ አዞራት።

“ይህቺ ናት?”

“እሷ ናት።”

“ከፈረስ ጥርስ ታንሳለች።” ትንፋሹን ሰበሰበና “ምን ትሠራለች?” አለ።

እንደምንም ነገርኩት። ውስጧ ኤሌክትሪክ እንደማያሳልፍ፣ ቆዳዋ ግን እንደሚያሳልፍ፣ ቆዳዋ ላይ የሚያርፈውን አተም እየመረጥን ጠባይዋን እንደምንለውጥ። ዓይኑን ሳይነቅል ሰማኝ።

“ውስጧ እምቢ ይላል፣ ቆዳዋ እሺ ይላል ነው የምትለኝ?”

“አዎ፣ አባ።”

“እንደዚህ ያለ ፈረስ ሸጬ አውቃለሁ” አለ። ጋሽ ተፈራ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። አባቴም ሊስቅ ሞከረና ትንፋሹ ከዳው፤ ዘሃራ ጭንብሉን መለሰችለት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ዝቅ አደረገው።

“በል ክፈታትና ልመርቃት።”

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውሮፕላን ውስጥ ሆኜም አውቅ ነበር። 

“አባ፣ እሷን ... ትንፋሽ ይጎዳታል።”

“የማን ትንፋሽ?”

“የማንም። አየር ራሱ ይጎዳታል።”

ሲሊንደሩን አየው፤ ከዚያ ሣጥኗን አየ። “እኔ አየር አጥቼ እሞታለሁ፤ እሷ አየር አግኝታ ትሞታለች። ታዲያ ቱፍታዬስ?”

ሣጥኗን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ። መልሱ ገባው።

ጋሽ ተፈራ ሊያስታርቁ ፈለጉ መሰለኝ “ሐጂ፣ በሩቁ ይመርቁለታላ። ቃሉን ይበሉት፤ ይበቃል” አሉ።

“ጋሽ ተፈራ፣ እናንተ ጋ ጠበሉ ሳይነካው ተጠመቀ የሚባል ሰው አለ?”

“እሱስ የለም” አሉ ጋሽ ተፈራ።

አባቴ ሣጥኗን መለሰልኝ። “የሚጎዳት ከሆነ ይቅር” አለ። ድምፁ ቁጣ የለበትም። ፊቱን ግን አየሁት። የሰው ሁሉ ሥራ ሲመርቅ የኖረ ሰው የልጁን ሥራ ሳይመርቅ ሊሞት መሆኑ ገብቶታል። እዚያው “የለም፣ እከፍታታለሁ” ብዬ አውራ ጣቴን ክዳኑ ላይ አደረግሁ።

ሲያየኝ ጭንብሉን በሁለት እጁ አፉ ላይ ጫነና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። “እምቢ!” አለ ከጭንብሉ ውስጥ። “የልጄን ልፋት በአፌ አላበላሽም። ዝጋ! ውጣልኝ!”

ሳልከፍታት ወጣሁ። ዘሃራ ኮሪደሩ ላይ ተከትላ ደረሰችብኝ። እህቴ ታላቄ ናት፤ ሱቋ ውስጥ ስትናገር ገዢውም ሻጩም ዝም የሚልላት ሴት ናት። ያኔ ግን ድምጿ ተሰባብሮ ነበር።

“ሐኪሙ ጠርቶኝ ነበር” አለችኝ። “ወደ ቤት ውሰዱት ብልም መንገዱን አይችለውም፤ እዚሁ ከጎኑ ሁኑ አለኝ። ገብቶሃል ምን ማለቱ እንደሆነ?”

“ገብቶኛል።”

“ያቺን ሳይመርቅ ሊሄድ ነው። ሌላው ሁሉ ቀላል ነው፤ ይህንን ግን ይዞት ነው የሚሄደው። ከታመመ ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም።” እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና “ሌላ ነገር አምጣለት። የመስታወት ስባሪ አሳየው። ምኑን ያውቃል?” አለች።

ሐሳቡ አልከፋኝም፤ እንዲያውም ለጥቂት ጊዜ እፎይ አልኩ። ከሆስፒታሉ ግቢ ወጥቼ በአስፋልቱ ዳር ስሄድ አንድ መስታወት ቆራጭ ሱቅ ፊት ቆሜም ነበር። ሰውየው የመስኮት መስታወት ይቆርጣል፤ ስባሪው መሬት ላይ ሞልቷል፤ ብጠይቀው በነፃ ይሰጠኝ ነበር። አባቴ ግን የፈረስን ጥርስ አይቶ ዕድሜውን የሚናገር ሰው ነው። ይህንንስ ይለየው አይለየው እንጃ። ለኔ ግን የመጨረሻ ምርቃቱ መስታወት ላይ ቢያርፍ መቼም ከኅሊናዬ አይወጣም ነበር። ሰላምታ ሰጥቼው አለፍኩ።

እዚያ አስፋልት ላይ ነው እውነቱ ድንገት የመጣብኝ። ለአባቴ አዝኜ ብቻ አልነበረም። ምርቃቱን የምፈልገው እኔ ነበርኩ። ዓመታት ሙሉ “የአባ ነገር” እያልኩ የሳቅሁበትን ነገር፣ ለባለባጃጅ የሰጠውን ያንኑ ጠብታ፣ እንደ ልጅ ፈለግሁት። አባት አልባ ልሆን ነው። በሕይወቴ የሠራሁትን ብቸኛ ነገር አባቴ ሳይነካው ሊቀር ነው። ጉሙ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ አለቀስኩ፤ አላፊ አግዳሚው ቀና ብሎ አይቶኝ አለፈ። ጎባ ላይ ከሆስፒታሉ አካባቢ የሚያለቅስ ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

በማግሥቱ ጠዋት ስገባ አባቴ ደክሟል። ከንፈሩ ደርቋል፤ ዓይኑ ግን ዓይኑ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ሌሊቱን ሳዘጋጀው ያደርኩትን በጥድፊያ ተናገርኩ።

“አባ፣ አስተማሪዬን በስልክ ጠየቅሁት። ክዳን አላት አለኝ።”

“ምን ክዳን?”

“በላይዋ ላይ ስስ ክዳን አለ። ቱፍታህ ክዳኑ ላይ ነው የሚቀረው። ማሽኑ ውስጥ ስናሞቃት ክዳኑ ተንኖ ይሄዳል፤ እሷ ንጹሕ ሆና ትወጣለች። ምንም አትሆንም አለኝ።”

ለናንተ እውነቱን ልንገራችሁ። ክዳን መኖሩ እውነት ነው፤ ተንኖ መሄዱም እውነት ነው። ምራቅ ውስጥ ያለው ጨው ግን አይተንም፤ ክዳኑ ሲሄድ ገጹ ላይ ይቀመጣል። ይህን ለማወቅ አስተማሪዬን መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር፤ አልጠየቅሁትምም። ያቺ ቁራጭ ከተመረቀች በኋላ እንደማትተርፍ እያወቅሁ ነው የተናገርኩት።

አባቴ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ፈረስ ሊሸጥለት የመጣን ሰው ሁሉ “ወላሂ በል” ሳይል ነግዶ አያውቅም። “ወላሂ በል” ይለኛል ብዬ ፈራሁ፤ በአላህ ስም በሐሰት አልምልም፤ ብሎኝ ቢሆን ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። አላለኝም።

“እንዲያ ካለህ ክፈታት” አለኝ።

የብረቱን ማሰሪያ ፈታሁ። ጋዙ በቀጭኑ ሲወጣ ድምፅ ነበረው፤ ዘሃራም ሰማችው። ያን ድምፅ ስሰማ ወራት የለፋሁበት ነገር ሲሄድ ተሰማኝ፤ ግን አልተጸጸትኩም። ጋሽ ተፈራ ከአልጋቸው እንደምንም ቀና ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዘሃራ በጥጥ ውሃ ነክራ ከንፈሩን አረጠበችለት፤ እንደዚያም ሆኖ አፉ ቶሎ አልረጥብ ብሎ ሁለት ጊዜ ደገመችለት። አባቴ ጭንብሉን ራሱ አወለቀ። መዳፌን ከነሣጥኗ በመዳፉ ደገፈና ቁራጯን እንደ ሰው አነጋገራት።

“ረቢ ሲ ሃ ኤቢሱ” ብሎ ጀመረ፤ ፈጣሪ ይባርክሽ እንደማለት ነው።

“አሚን” አልን። ጋሽ ተፈራም “አሜን” አሉ።

“የሚያልፍብሽ በሰላም ይለፍ። የሚያርፍብሽ መልካም ይሁን።”

“አሚን።”

“ከሩቅ አገር መጥተሽልኛል። ለልጄ እሺ በይው። ሰው ሲሰለቸው አንቺ አትሰልችው። እጁን አታሳፍሪበት።”

“አሚን” አለች ዘሃራ፤ እኔ ሣጥኗን ወደ አፉ አስጠጋሁለት።

“ሃ ተኡ፣ ሃ ተኡ” አለ። ይሁን፣ ይሁን ማለቱ ነው። ከዚያ ትንፋሹን ሰብስቦ “ቱፍ” አለ። በጣም ትንሽ ነበረች። የገጿ ጥግ ላይ አረፈች፤ በዓይኔ አየኋት።

“በል ዝጋት። ትንፋሼ በዛባት” አለና ትራሱ ላይ ወደቀ። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር እንዴት እንደሚገለጽ አላውቅም። ደስ ብሎት ነበር። ዘሃራ ጭንብሉን አጠለቀችለት፤ እኔ ሐኪሙን ልጠራ ወጣሁ።

የዚያኑ ዕለት ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ሞተ። እጁ እጄ ውስጥ ነበር። ዘሃራ “ላ ኢላሀ ኢለላህ” እያለች ጆሮው ላይ ስትደጋግም፣ አንዴ ተነፈሰ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ስንጠብቅ ቀረ። ጋሽ ተፈራ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ያለቅሱ ነበር።

በኛ ሥርዓት አስከሬን አያድርም። ሮቤ አምጥተን አጥበን ከፍነን ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበርነው። ወሬው እንዴት እንደደረሰ አላውቅም፤ ባጃጆቹ ከጎባ መንገድ ጀምረው ከኋላችን ተሰልፈው ነበር፤ ጥሩንባ የነፋ ግን አልነበረም። አፈር ከመለሱት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ሳፍስ ሳፍስ የልብሴ ኪስ ውስጥ ያለችው ሣጥን ጎኔን ትወጋኝ ነበር።

የሐዘን መቀመጫው፣ ተዝያው፣ ሳያልቅ ነው የሄድኩት። እኔ ልቀር ነበር። “የመረቀልህ ቤት እንድትቀመጥ ነው? ተነስ” ብላ ሻንጣዬን በር ላይ ያወጣችው ዘሃራ ናት።

ማሽኑ ዘንድ የላቦራቶሪ ባልደረባዬ ይጠብቀኝ ነበር። ሐዘኔን ሰምቷል፤ አቀፈኝና ሥራ ጀመርን። ቁራጯን አየር በሌለበት ክፍል አስገባናት፤ አሞቅናት፤ ክዳኑ ሄደ። ከዚያ ኤሌክትሮኖቹን ለማየት ብርሃን ጣልንባት። ደህና ገጽ ቢሆን በስክሪኑ ላይ ሁለት ቀጭን መስመሮች ተጠላልፈው መስቀለኛ ይሠራሉ። እኛ ያየነው ጭጋግ ነው።

ባልደረባዬ ምን እንዳረፈባት እንይ አለና ገጹ ላይ ያሉትን አተሞች የሚለየውን መለኪያ ከፈተ። ካርቦን ወጣ፤ ሶዲየም ወጣ። ከዚያ አንድ ትንሽ ጫፍ ብቅ አለች።

“ይሄማ ፖታሲየም ነው” አለ። “ገና መበተን አልጀመርንም እኮ። ማን አስቀመጠው?”

“አባቴ” አልኩት።

ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ከዚያ ፊቴን አየና ወንበሩን ወደኔ አዞረ። ሁሉንም ነገርኩት። ስጨርስ እሱም ዓይኑን አበሰ፤ ግን ሳይንቲስት ነውና “በደንብ ብናሞቃት ሊለቅ ይችላል” አለኝ። “ያለን ዕድል እሱ ብቻ ነው። ብትፈልግ እኔ ላድርገው።”

እኔ ነኝ የማደርገው አልኩ። ለልጄ እሺ በይው ብሎ የመረቃት እንዲሳካልኝ ነው፤ ሳልሞክር ብተዋት ምርቃቱን መናቅ መሰለኝ። የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። ያቺ ትንሽ ጫፍ ስክሪኑ ላይ ዝቅ እያለች ሄደች። አባቴን በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩት ያኔ ነው። ጫፏ ሳትጠፋ የቁራጯ ሴሌኒየም ራሱ መነሳት ጀመረ፤ ገጹም ፈረሰ። አልተረፈችም።

ተራዬ አለፈ። አስተማሪዬ አልጮኸብኝም፤ ለጥቂት ጊዜ ግን ፊቱን ነሳኝ። ሌላ ቁራጭ አውጥቼ፣ ሌላ ተራ ጠብቄ፣ ከጓደኞቼ ሁሉ ዘግይቼ ጨረስኩ። ዛሬ አስተማሪ ነኝ።

አንባቢዎቼ፣ ምርቃት ይደርሳል ወይስ አይደርስም ብትሉኝ አላውቅም ነው መልሴ። የማውቀው እኔን ምን እንዳደረገኝ ነው። ያኔ ሥራዬን ለቤተሰቦቼ ማስረዳት ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር፤ አይገባቸውም እያልኩ ዓመታት ዘጋሁት። አባቴ ግን በአንድ ከሰዓት፣ ትንፋሽ እያጠረው፣ ውስጧ እምቢ ቆዳዋ እሺ ብሎ ተረዳኝ። ቀድሜ ብነግረው ኖሮ ስንት ዓመት አብረን እናወራው ነበር! አሁን ተማሪዎቼን ለዕረፍት ሲሄዱ የምትሠሩትን ለወላጆቻችሁ ንገሯቸው እላለሁ፤ ይስቁብኛል። እናንተም ብትስቁ አልቀየምም። አባትና እናት ያላችሁ ግን ዛሬ ደውላችሁ ሥራችሁን ንገሯቸው። እኔ የምደውልለት የለኝም። አሁንም አዲስ ቁራጭ በወጣልኝ ቁጥር ስልኬን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ለዘሃራ ስለ ቁራጯ እውነቱን የነገርኳት ቆይቼ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሮቤ ስመለስ ሱቋ ውስጥ ተቀምጠን ነበር። እንደዋሸሁት፣ ምራቁ እንዳበላሻት፣ አሙቄያትም እንዳልዳነች ነገርኳት። “እንኳን ሳያውቅ ሄደ” አልኩ።

ዘሃራ “ያውቅ ነበር” አለችኝ።

“ምኑን?”

“ሁሉንም። አንተ ሐኪሙን ልትጠራ ስትወጣ ጭንብሉን ዝቅ አድርጎ ‘ጀማል ዋሸኝ’ አለኝ። ልጅ ሆኖም ሲዋሽ እንዲሁ ይፈጥን ነበር አለ። ‘ታዲያ ለምን መረቅህ?’ አልኩት።”

“ምን አለሽ?”

“‘ድንጋዩን ትቶ እኔን መረጠኝ’ አለ። ‘ልጄ ሲመርጠኝ እምቢ ልበለው?’”

ደንበኛ ገባና ዘሃራ ልታስተናግድ ተነሳች። እኔ መነሳት አቃተኝ።